የአየር ሁኔታ ሳተላይት ምስልን በርካሽ ሬዲዮ ቤት ሆኖ መቀበል፦ ከሽቦ እስከ ምስል

ሳተላይቷ በላያችን ስታልፍ የምታየውን ደመና እዚያው በዚያው ወደ ምድር ትልካለች። ሲግናሉ አልተቆለፈም። የይለፍ ቃልም ክፍያም የለውም። አንቴና ዘርግቶ የጠበቀ ሁሉ ይወስደዋል። የሚያስፈልገው ዕቃም ብዙ ሰው እንደሚገምተው ትልቅ ዲሽ አይደለም። ሁለት ዘንግ ሽቦ፣ ፍላሽ የምታክል የዩኤስቢ ሬዲዮ እና አንድ ላፕቶፕ ይበቃሉ። በዚህ ብቻ አንድ ፒክስሉ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን፣ ወርዱ 2,800 ኪሎ ሜትር የሚደርስ ምስል ትይዛላችሁ።

አንቴናው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። ነገሩ የሚሳካውም የሚከሽፈውም እዚያ ነው። ሶፍትዌሩ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

መጀመሪያ የድሮ መመሪያዎችን ወደ ጎን

ኢንተርኔት ላይ ያለው አብዛኛው ቪዲዮ የሚያወራው ስለ አሜሪካኖቹ የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች፣ ኖአ-15፣ ኖአ-18 እና ኖአ-19 ነው። እነሱን አትጠብቁ። ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2025 አገልግሎት አቁመዋል። ኖአ-18 ጁን ላይ፣ ሌሎቹ ሁለቱ ኦገስት ላይ ተሰናበቱ። ኤፒቲ የሚባለው፣ በ1963 መጨረሻ በቲሮስ-8 የተጀመረው የአናሎግ ምስል ስርጭት ከእነሱ ጋር አበቃ። በሰከንድ ሁለቴ የሚመታው ቲክ ቲክ ድምፁ ለጀማሪ ደስ ይል ነበር። አንድ ጀማሪ በ2021 የተጻፈ መመሪያ ይዞ ባዶ ሰማይ ሲያዳምጥ ቢያመሽ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ዛሬ በዚህ 137 ሜጋኸርዝ አካባቢ ባለው የሬዲዮ ክልል ላይ ያሉት የሩሲያዎቹ ሜቴዎር-ኤም ሳተላይቶች ናቸው። ሜቴዎር-ኤም 2-3 ጁን 2023 ላይ፣ ሜቴዎር-ኤም 2-4 ደግሞ ፌብሩዋሪ 2024 ላይ መጠቁ። 820 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው ምድርን በ100 ደቂቃ ገደማ አንዴ ይዞራሉ። የሚልኩት ኤልአርፒቲ በሚባል ዲጂታል ስርጭት ነው። ፍሪኩዌንሲው 137.9 ወይም 137.1 ሜጋኸርዝ ነው። ከሁለቱ ከ2-4 ጀምሩ። የ2-3 አንቴና ሕዋ ላይ እንደታሰበው ስላልተዘረጋ ሲግናሉ ደከም ያለና የሚዋዥቅ ነው።

ዲጂታል መሆኑ አንድ ነገር ይለውጣል። በድሮው አናሎግ ሲግናሉ ሲደክም ምስሉ ነጭ ነጠብጣብ ይበዛበት ነበር እንጂ አይጠፋም። ሜቴዎር ላይ ግን ወይ ጥርት ያለ ምስል አለ፣ ወይ ጥቁር ክፍተት አለ። መሀሉ በጣም ጠባብ ነው። ትንሽ ደካማ የሆነ አንቴና ትንሽ የከፋ ምስል አይሰጥም፤ ጭራሽ ምንም ላይሰጥ ይችላል። ለዚህ ነው አንቴናው ላይ የማከረው።

ምን ምን ይገዛል?

ዋናው ዕቃ አርቲኤል-ኤስዲአር የሚባለው የዩኤስቢ ሬዲዮ ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ቴሌቪዥን ለማየት የተሠራ ዕቃ ነበር። ውስጡ ያለው አርቲኤል2832ዩ ቺፕ ጥሬውን ሲግናል እንዳለ ወደ ኮምፒውተር ማሳለፍ እንደሚችል ሲታወቅ የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ተሻሙት። አር820ቲ2 ወይም አር828ዲ የሚባል ቱነር፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲ መራጭ ቺፕ፣ ያለው ከ24 እስከ 1,766 ሜጋኸርዝ ድረስ ይሰማል። ስትመርጡ ቲሲኤክስኦ ያለበት የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ሬዲዮው ሲሞቅ ፍሪኩዌንሲው እንዳይንሸራተት የሚያደርግ ክሪስታል ነው። ሽፋኑ ብረት የሆነውን ውሰዱ። ፕላስቲኩ ከላፕቶፑ የሚወጣውን ረብሻ አይከላከልም።

ከዚህ ሌላ አጭር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ፣ ጥቂት ሜትር የአንቴና ገመድ፣ ከገመዱ ወደ ሬዲዮው የሚገባ አስማሚ፣ እና ሁለት ጠንካራ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ያስፈልጋል። ላፕቶፑ አዲስ መሆን የለበትም። ሲግናል ማጉያ፣ ማለትም ኤልኤንኤ፣ መጀመሪያ ላይ አትግዙ። መጀመሪያ ያለ እሱ ሞክሩ፤ ችግሩ ረብሻ ከሆነ ማጉያው ረብሻውንም አብሮ ያጎላዋል።

አንቴናው

ለጀማሪ የምመርጠው ቪ-ዳይፖል ነው። ሁለት ክንድ ያለው፣ በ120 ዲግሪ የተከፈተ፣ ከመሬት ጋር አግድም የሚተኛ አንቴና ነው።

ርዝመቱ ከየት መጣ? ሬዲዮ ሞገድ በሰከንድ 300 ሚሊዮን ሜትር ገደማ ይጓዛል። 300ን ለ137.5 አካፍሉት፤ 2.18 ሜትር ይመጣል። የሞገዱ ርዝመት ይህ ነው። እያንዳንዱ ክንድ የዚህ ሩብ ይሆናል፣ ማለትም 54.5 ሴንቲ ሜትር። በተግባር ትንሽ ይቀነስለትና 53.4 ሴንቲ ሜትር ይደረጋል። ግማሽ ሴንቲ ሜትር ወዲህ ወዲያ ቢል ዓለም አይገለበጥም።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ሁለት ዘንግ ቁረጡ። ማገናኛው ውስጥ የሚገባውን 1 ሴንቲ ሜትርም አብራችሁ ቁጠሩ፤ ከመሀል ጀምሮ ነው የሚለካው።

2. ሁለቱን ዘንጎች ኤሌክትሪሲያኖች ገመድ በብሎን የሚያያይዙበት ባለ ሁለት ቀዳዳ የፕላስቲክ ማገናኛ ውስጥ በአንድ በኩል አስገቡና ብሎኑን አጥብቁ። ዘንጎቹ እርስ በርስ መነካካት የለባቸውም።

3. የአንቴና ገመዱን ጫፍ ላጡ። መሀል ያለውን ሽቦ ወደ አንዱ ዘንግ፣ ዙሪያውን ያለውን ሹሩባ ሽቦ ጠምዝዛችሁ ወደ ሌላው አስገቡ።

4. በመልቲሜትር ፈትሹ። በገመዱ ሌላ ጫፍ ላይ መሀሉንና ዙሪያውን ስትነኩ ጢጥ ማለት የለበትም። ጢጥ ካለ አንዲት ቀጭን የሹሩባ ሽቦ መሀሉን ነክታለች ማለት ነው። ይህች አንዲት ፀጉር የምታክል ሽቦ ሙሉ ማታ ታስለፋለች።

5. ዘንጎቹን ወደ 120 ዲግሪ ክፈቱና ደረቅ እንጨት ወይም የፕላስቲክ ቱቦ ላይ እሰሩ። ብረት ላይ አትሰሩ።

6. ከአንቴናው ሥር ገመዱን አምስት ስድስት ዙር ጠቅልላችሁ እሰሩት። ከላፕቶፑ በገመዱ ውጭ ላይ ተሳፍሮ የሚመጣውን ረብሻ ይቀንሳል።

አቀማመጡ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የቪው አፍ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ይዙር። ሳተላይቶቹ ከዋልታ ወደ ዋልታ ነው የሚሄዱት። የሚወጡትም የሚጠልቁትም በሰሜንና በደቡብ በኩል ነው። ዳይፖል ደግሞ በዘንጎቹ ጫፍ አቅጣጫ ደካማ ነው። ስለዚህ ድክመቱን ወደ ምሥራቅና ምዕራብ እናዞረዋለን።

አግድም የሚተኛበትም ምክንያት አለው። ምድር ላይ ያሉ ብዙ ጣቢያዎች ቀጥ ብሎ በቆመ አንቴና ነው የሚያሰራጩት። አግድም የተኛ አንቴና እነሱን በደንብ አይሰማም። የሳተላይቷ ሲግናል ግን እየተሽከረከረ የሚመጣ ስለሆነ አግድሙ አንቴና ግማሹን ይይዛል። በሲግናል መለኪያው በዴሲቤል ግማሽ ማጣት 3 ዴሲቤል ነው። ጎረቤት ያለውን ጩኸት ለመቀነስ ይህን መክፈል ያዋጣል። ሁሉንም የሚይዘው ኪውኤፍኤች የሚባለው ጥምዝምዝ አንቴና አለ። ጥሩ ነው፣ ግን ልኬቱ ቢዛነፍ ከቪው የባሰ ይሆናል። ለሁለተኛው ዙር አቆዩት።

ገመዱ ላይ አትጨነቁ። የዲሽ ገመድ 75 ኦም ነው፣ ሬዲዮው 50 ኦም ይጠብቃል። አለመግጠማቸው ከሲግናሉ 4 በመቶ ገደማ ብቻ ይመልሳል። ጥሩ የዲሽ ገመድ በ10 ሜትር ከ1 ዴሲቤል ያነሰ ነው የሚበላው። እንደ ጫማ ክር የቀጠነው ገመድ ግን በዚያው ርቀት ግማሹን ይውጠዋል።

የት ይቀመጥ? ሰማይ የሚያይበት። ሰገነት፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ግቢ መሀል፣ የትም ይሁን። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም ክፍል ውስጥ አይሆንም። ከኤሌክትሪክ መስመር ራቁ፤ አንቴናው ቢወድቅ እንኳ ሽቦው ጋ እንዳይደርስ። ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ገመዱን ነቅላችሁ ከቤት ውጭ ተዉት። ምስሉ ሌላ ቀን ይመጣል።

ረብሻ ማደን

ሬዲዮውን ዊንዶውስ ላይ ስትሰኩ በመጀመሪያ ዛዲግ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ድራይቨሩን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሬዲዮውን የሚያዝበትን ሶፍትዌር፣ መቀየር አለባችሁ። ሁሉንም ዕቃ አሳይ የሚለውን አማራጭ ክፈቱ፣ ባልክ-ኢን ኢንተርፌስ 0 የሚለውን ምረጡ፣ ዊንዩኤስቢን ጫኑ። ስሙን ሁለቴ አንብቡ። በስህተት የማውሳችሁን ድራይቨር የቀየራችሁ እንደሆነ ማውሱ እዚያው ሥራ ያቆማል።

ከዚያ ኤስዲአር ፕላስ ፕላስ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱና የታወቀ ኤፍኤም ጣቢያ ስሙ። ጣቢያው ከተሰማ ሬዲዮውም ድራይቨሩም ደህና ናቸው። አሁን ወደ 137.9 ሂዱ።

ስክሪኑ ላይ ከላይ ወደ ታች የሚፈሰው ባለቀለም ሥዕል ዋተርፎል ይባላል። ሳተላይት በሌለበት ሰዓት ሜዳው፣ ማለትም ሲግናል የሌለበት የጀርባ ጩኸት፣ ጠቆር ያለና ለስላሳ መሆን አለበት። ቀጥ ያሉ መስመሮች ወይም የሚወዛወዝ ሰፊ ደመና ካለ ከቤት ውስጥ የሚመጣ ረብሻ ነው። ዋተርፎሉን እያያችሁ ዕቃዎችን አንድ በአንድ ንቀሉ። የላፕቶፑን ቻርጀር ስትነቅሉ ብቻ ሜዳው በግልጽ ሲወርድ ልታዩ ትችላላችሁ። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖል፣ የስልክ ቻርጀር፣ የኤችዲኤምአይ ገመድ፣ የሶላር ኢንቨርተር ሁሉም ተጠርጣሪዎች ናቸው። ሬዲዮውን በማስረዘሚያው ከላፕቶፑ አርቁት። ዩኤስቢ 3 መሰኪያ ራሱ ሊረብሽ ስለሚችል ዩኤስቢ 2 ካለ እሱን ተጠቀሙ።

ሌላው ጠላት ኤፍኤም ነው። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ያሉት ጣቢያዎች በቅርብ ርቀት ካሉ ሬዲዮውን ያደነቁሩታል። ጌይኑን፣ ማለትም ሬዲዮው ሲግናል የሚያጎላበትን መጠን፣ ከፍ ስታደርጉ 137 ላይ የኤፍኤም ሙዚቃ ብቅ ካለ ምልክቱ ይኸው ነው። ጌይን ቀንሱ፤ ካልበቃ ከሬዲዮው በፊት የኤፍኤም ማገጃ ፊልተር አስገቡበት። እንደውም ከማጉያ በፊት መግዛት ያለበት ይህ ፊልተር ነው።

ጌይኑን አውቶማቲክ ላይ አትተዉት፣ ጥግ ድረስም አትግፉት። ከታች ጀምራችሁ ከፍ እያደረጋችሁ ሂዱ። አንቴናው ሲሰካና ሲነቀል የሜዳው ከፍታ ጎልቶ የሚለያይበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ቁሙ።

ሳተላይቷ መቼ ትመጣለች?

ይህን ለማወቅ ኤን2ዋይኦ ድረ-ገጽ፣ ኮምፒውተር ላይ ጂፕሪዲክት፣ አንድሮይድ ላይ ሉክ4ሳት አሉ። ከስም ይልቅ በቁጥር ፈልጉ፤ ሜቴዎር-ኤም 2-3 ቁጥሩ 57166፣ 2-4 ደግሞ 59051 ነው። የቦታችሁን መጋጠሚያ አስገቡ። የምሕዋር መረጃው ከቀናት በኋላ ስለሚያረጅ በየጊዜው አድሱት።

የሚታየው ዋና ቁጥር ከፍተኛው ከፍታ በዲግሪ ነው። 90 ማለት አናታችሁ ላይ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ሙከራ ከ60 በላይ የሆነውን ጠብቁ። ከ30 በታች ላለው ጉልበት አትጨርሱ። ጥሩ የሚባል ማለፊያ ከአድማስ እስከ አድማስ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል። ወደ ዋልታዎች በተጠጋችሁ ቁጥር ማለፊያው ይበዛል፣ ወደ ምድር ወገብ ስትመጡ ያንሳል።

ሰዓቱ ብዙ ጊዜ ዩቲሲ በሚባለው የዓለም መደበኛ ሰዓት ነው የሚጻፈው። ወደ ራሳችሁ ሰዓት ካልቀየራችሁት ሳተላይቷ ካለፈች በኋላ ጣሪያ ላይ ትወጣላችሁ።

የማለፊያው ሰዓት

ለመቀበልም ለመፍታትም ሳትደምፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አንድ ላይ ይሠራል። ዊንዶውስ፣ ሊኑክስ፣ ማክ እና አንድሮይድ ላይ ይጫናል። ሪኮርደር የሚለውን ክፍል ክፈቱ። ሬዲዮውን ምረጡ። ሳምፕል ሬቱን፣ ማለትም በሰከንድ የሚወሰደውን ናሙና ብዛት፣ 1.024 ሚሊዮን ላይ አድርጉ፣ ፍሪኩዌንሲውን 137.9 ላይ። ፕሮሰሲንግ ከሚለው ዝርዝር ሜቴዎር ኤም2-ኤክስ ኤልአርፒቲ 72ኬን ምረጡና ፋይሉ የሚቀመጥበትን ፎልደር አሳዩት። 72ኬ የስርጭቱ ፍጥነት ነው፤ 80ኬ የሚልም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ግን 72ኬው ነው። ስታርት በሉ። ሳተላይቷ ከመውጣቷ ሁለት ደቂቃ በፊት ዝግጁ ሁኑ።

መጀመሪያ ምንም የለም። ከአድማስ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ስትል ከዋተርፎሉ በላይ ባለው ግራፍ ላይ ወደ 120 ኪሎኸርዝ ስፋት ያለው፣ ከላይ ጠፍጣፋ የሆነ ጉብታ ቀስ ብሎ ይነሳል። በጆሮ ብታዳምጡት ሽሽሽ ከማለት ሌላ ምንም የለውም። ዓይናችሁን ኮንስቴሌሽን የሚለው ትንሽ ሳጥን ላይ አድርጉ። መጀመሪያ ነጥቦቹ እንደተበተነ ጤፍ ናቸው። ሲግናሉ ሲጠነክር ወደ አራት ጥግ ይሰበሰባሉ። ያኔ ሲግናሉን የሚፈቱት ሁለት ደረጃዎች፣ ቪተርቢ እና ዲፍሬመር፣ ከሚሉት አጠገብ ኖሲንክ (አልያዘም) የሚለው ጽሑፍ ወደ ሲንክድ (ይዟል) ይለወጣል። ከሲግናል ቁጥሩ ይልቅ እነዚህን ሁለት ቃላት እመኑ። ሁለቱም ሲንክድ ካሉ ምስል እየገባ ነው።

ሳተላይቷ ስትቀርብና ስትርቅ ፍሪኩዌንሲዋ እስከ 3 ኪሎኸርዝ ገደማ ይንሸራተታል። ዶፕለር ነው። ፕሮግራሙ ራሱ ይከተለዋል፤ እጃችሁን ሰብስቡ። አንቴናውንም ከመሀል አታንቀሳቅሱ።

137.9 ላይ ጉብታው ካልታየ 137.1ን ሞክሩ። አንዳንዴ ፍሪኩዌንሲ ይቀያየራሉ፣ አንዳንዴም ለጥገና ይጠፋሉ።

አንድ ምክር አለኝ። የመጀመሪያዎቹን ማለፊያዎች ጥሬውን ሲግናል ጭምር ቅዱ። በ8 ቢት፣ በ1.024 ሚሊዮን ሳምፕል ብትቀዱ በሰከንድ 2 ሜጋባይት፣ በ10 ደቂቃ ደግሞ 1.2 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ዲስክ ይበላል፣ ግን ምርጫው ስህተት ከነበረ፣ ለምሳሌ 80ኬ የነበረውን በ72ኬ ከሞከራችሁት፣ ያንኑ ፋይል እንደገና መፍታት ይቻላል።

ምስሉን ማንበብ

ማለፊያው ሲያበቃ ስቶፕ በሉ። ኤምኤስዩ-ኤምአር በሚል ፎልደር ውስጥ ምስሎቹ ይገኛሉ። ስሙ ሳተላይቷ ላይ ያለው ካሜራ ነው። ስድስት የብርሃን ክልሎችን፣ ማለትም ቻናሎችን፣ ያያል፣ በኤልአርፒቲ ግን የሚወርዱት ሦስቱ ብቻ ናቸው።

እያንዳንዱ ለብቻው ጥቁርና ነጭ ነው። ቀለሙ የሚመጣው ሲደባለቁ ነው። 221 የሚለው ቅንብር ቻናል 2ን ሁለቴ፣ ቻናል 1ን አንዴ ይወስዳል። ባሕሩ ይጠቁራል፣ ደመናው ይነጣል፣ ዕፅዋት ያለው መሬት ወደ ቢጫ ያደላል። 321 ይበልጥ አስተማሪ ነው። ቻናል 3 የሚያየው 1.6 ማይክሮሜትር ገደማ ላይ ነው። በረዶ ይህን ብርሃን ይውጠዋል። ስለዚህ የውሃ ነጠብጣብ የሆነው ዝቅተኛ ደመና ነጭ ሲሆን፣ አናቱ በረዶ የሆነው ትልቅ የነጎድጓድ ደመና ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ዝናብ ያዘለውን ደመና ከተራው ለመለየት እኔ የማየው ይህን ነው። የሙቀት ቻናል ከተላከ ደግሞ ሌሊትም ይሠራል፤ የሚታይ ብርሃን ብቻ ከተላከ የሌሊት ምስል ጥቁር ነው።

ምስሉ ተገልብጦ ከመጣ አትደናገጡ። ሳተላይቷ ከደቡብ ወደ ሰሜን እየሄደች ከሆነ መጀመሪያ የምትልከው ደቡቡን ነው፤ 180 ዲግሪ አዙሩት። ጠርዞቹ ላይ መሬቱ ተጨምቆ የሚታየው በምድር ክብነት ምክንያት ነው። ሳትደምፕ ውስጥ ጂኦሜትሪ ማስተካከያውን ስትጫኑ ይዘረጋል፣ የአገር ድንበርና የባሕር ጠረፍ መስመርም መደረብ ይቻላል። መስመሩ ከባሕሩ ዳርቻ ትንሽ ካፈነገጠ የኮምፒውተሩን ሰዓትና የምሕዋር መረጃውን አስተካክሉ።

ምስሉ ላይ ጥቁር ጥቁር ሽንቁር ካለ ሲግናሉ ለአፍታ ጠፍቷል። ሽንቁሩ ሁሌ በአንድ አቅጣጫ ከሆነ ሕንፃ ወይም ዛፍ አለ፤ አንቴናውን አንቀሳቅሱ። በየቦታው ከተበተነ ረብሻ ነው። ጉብታው ጎልቶ እየታየ አራቱ ነጥቦች እምቢ ካሉ ጌይኑ በዝቷል ወይም 72ኬና 80ኬ ተቀያይረዋል። ይህን ሁሉ ካጣራችሁ በኋላ ጉብታው አሁንም ደካማ ከሆነ፣ ያኔ ማጉያ ግዙ። ስትሰቅሉት ከአንቴናው ሥር ይሁን፣ ከላፕቶፑ አጠገብ አይሁን። ገመዱ ከበላው በኋላ ማጉላት የጠፋውን አይመልስም።

ከዚህ በኋላ

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ቦታ የቆሙት ናቸው። የአሜሪካ አህጉራትን የምታየው ጎስ-19 በ1694.1 ሜጋኸርዝ፣ ምሥራቅ እስያንና አውስትራሊያን የምታየው የኮሪያዋ ጂኬ-2ኤ በ1692.14 ይልካሉ። በዚያው ርካሽ ሬዲዮ ይያዛሉ፤ የሚጨመረው ለዋይፋይ የተሠራ የወንፊት ዲሽ እና ለዚህ ፍሪኩዌንሲ ፊልተር ያለው ማጉያ ነው። ዲሹን አንዴ ካነጣጠራችሁት አይንቀሳቀስም። ከእነዚህ ሳተላይቶች እይታ ውጭ ያለ ሰው ግን ምንም ቢያደርግ አይደርስባቸውም።

ሁለተኛው ኤችአርፒቲ የሚባለው፣ ከኤልአርፒቲ ከፍ ያለ ስርጭት ነው፣ የትም ቦታ ይሠራል። እነዚያው ሜቴዎሮች 1700 ሜጋኸርዝ ላይ ስድስቱንም ቻናል ይልካሉ። ከ60 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ዲሽ፣ መሀሉ ላይ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አንቴና፣ እና ማጉያ ይጠይቃል። ሳተላይቷ ስለምትሄድ ዲሹ ይከተላታል፣ የሚያዞረው ሞተር ካልገዛችሁ እጃችሁ ነው። ሁለት ሰው ሲሆን ይቀላል። አንዱ ዲሹን ይይዛል፣ ሌላው ስክሪኑን እያየ «ትንሽ ግራ፣ ከፍ፣ እሱጋ ያዘው» ይላል።